በልጆች የሆድ ዕጢ ባዮፕሲ ላይ ሊምፎማን መለየት፦ ከናሙና አወሳሰድ እስከ ውጤት አጻጻፍ

በልጆች ሆድ ውስጥ የሚነሣ ሊምፎማ (ሊምፎሳይት ከሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር) አብዛኛውን ጊዜ ቡርኪት ሊምፎማ ነው። ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ይከተለዋል፤ ሊምፎብላስቲክና አናፕላስቲክ ላርጅ ሴል ሊምፎማ ከሆድ ሲነሡ የሚታዩት አልፎ አልፎ ነው። ቡርኪት ከሰው ካንሰሮች ሁሉ ፈጥነው ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ የዕጢው ሴሎች ቁጥር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ላብራቶሪ የገባ ናሙና ውጤቱ ለሚመጣው ሳምንት ከተቀጠረ ልጁ እስከዚያ ኩላሊቱ ሊዳከም፣ አንጀቱም ሊዘጋ ይችላል።

ፓቶሎጂስቱ ብዙ ስም ከማሰቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። ዕጢው ሊምፎማ ነው ወይስ ሌላ ካንሰር? ሊምፎማ ከሆነ ቢ ሴል ነው ወይስ ቲ ሴል? ሴሎቹ የበሰሉ ናቸው ወይስ ገና ብላስት? ሕክምናውን የሚለውጡት እነዚህ ናቸው። ቡርኪትንና ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማን መለየት ለምደባው አስፈላጊ ቢሆንም፣ በልጆች ላይ ሁለቱ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ፕሮቶኮል ስለሚታከሙ ለእሱ ሲባል ኬሞቴራፒ አይዘገይም። ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማን ቡርኪት ብሎ መጻፍ ግን ልጁን ለሌላ በሽታ ማከም ነው።

ናሙናው ከመወሰዱ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ስቴሮይድ ነው። ልጁ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ወስዶ ከሆነ፣ ጥቂት ቀን እንኳ ቢሆን፣ የሊምፎማ ሴሎቹ በብዛት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በመርፌ የሚወጣው የሞተ ሥጋና ማክሮፌጅ (የሞቱ ሴሎችን የሚውጥ ሴል) ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዕጢው ልጁን ትንፋሽ እስካላሳጣው ድረስ ስቴሮይድ ባዮፕሲው እስኪወሰድ ይቆይ። አስቀድሞ ከተሰጠ ቀኑና መጠኑ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ይህን ያላወቀ ፓቶሎጂስት "ሊምፎማ አልታየም" ብሎ ሊያሰናብት ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሆዱን መክፈት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ሆድ ውስጥ ወይም በሳንባ ሽፋን መካከል ውሃ ከተጠራቀመ ያንን መቅዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቡርኪት በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ሲገኝ ሴሎቹ ከቲሹው ይልቅ ጎልተው ይታያሉ። የተገኘውን ሁሉ፣ ቢቻል ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ይላኩ፤ ጥቂቱ በሄፓሪን ወይም በኢዲቲኤ ቱቦ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በያዙት ፕሮቲን የሚለይ ማሽን)፣ ቀሪው ለስሚርና ለሴል ብሎክ (ከውሃው የተሰበሰቡ ሴሎች በፓራፊን የሚታሰሩበት) ይውላል። አንገት ላይ ወይም ብብት ሥር ያበጠ ንፍፊት ካለ እሱን ማውጣት ከሆድ ቀዶ ጥገና ይቀልላል። ደም ቆጠራው ከወረደ ወይም በደም ስሚር ላይ ብላስት ከታየ መቅኒ ይቅደም።

ልጁን ከማስተኛት በፊት የደረት ራጅ ይታይ። በደረት መካከል ዕጢ ያለበት ልጅ በጀርባው ተኝቶ ማደንዘዣ ሲወስድ የመተንፈሻ ቱቦው ሊዘጋ ይችላል። ዩሪክ አሲድ፣ ፖታሲየም፣ ፎስፌት፣ ካልሲየም፣ ክሬአቲኒንና ኤልዲኤች (ሴል ሲፈርስ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም) ይለኩ፤ ትልቅ ቡርኪት ገና ሕክምና ሳይጀመር ራሱ እየተፈረካከሰ ደሙን በፖታሲየምና በዩሪክ አሲድ ሊሞላው ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራም አይቅር። ዕጢው ከኩላሊት የተነሣ ከመሰለ ደግሞ መርፌ ከመሰካቱ በፊት ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ይመከር፤ በአንዳንድ ፕሮቶኮሎች የዊልምስ ዕጢን (የልጆች የኩላሊት ካንሰር) ባዮፕሲ ማድረግ የበሽታውን ደረጃ ከፍ ያደርጋል።

መጠየቂያ ወረቀቱ ዕድሜን፣ ሕመሙ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ዕጢው ከየትኛው ክፍል እንደተነሣና የኤልዲኤችን ውጤት ይያዝ። አልፋ ፌቶፕሮቲንና የሽንት ካቴኮላሚን (የሌሎች የልጆች ዕጢዎች ምልክቶች) ከተሠሩ እነሱም ይጻፉ። "የሆድ ዕጢ፣ ይመርመር" ተብሎ የሚመጣ ወረቀት ሁለት ቀን ያባክናል።

ሥጋውን መውሰድ

በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየተመራ በኮር መርፌ መውሰድ ለአብዛኞቹ ዕጢዎች ይሆናል። ከ14 እስከ 18 ጌጅ ያለው መርፌ ይበቃል፤ ቢያንስ 4 እስከ 6 ቁራጭ ይወሰድ። የዕጢው መሃል ብዙ ጊዜ የሞተ ስለሆነ መርፌው ወደ ጠርዙ፣ ዶፕለር የደም ፍሰት ወደሚያሳይበት ክፍል፣ ያነጣጥር። ቀጭን መርፌ የሚያወጣው ሴል ለመጀመሪያ ጥርጣሬ ይጠቅማል፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ከታገዘም ብዙ ይናገራል፤ ብቻውን ከሆነ ግን የቲሹውን አደረጃጀት ስለማያሳይ የመጨረሻ ፍርድ መሆን የለበትም።

አንጀት ውስጥ አንጀት ገብቶ የመጣ ልጅ ዕድሜው ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ሐኪሙ መነሻ የሆነ ዕጢ ይፈልግ፤ በትንሹ አንጀት መጨረሻና በትልቁ መጀመሪያ ላይ ያለ ቡርኪት የተለመደ ምክንያት ነው። ዕጢው አንድ ቦታ ተወስኖ በቀላሉ ከነአንጀቱና ከነንፍፊቱ የሚወጣ ከሆነ ማውጣቱ ደረጃውን ዝቅ ስለሚያደርግ ሕክምናውን ያቀልላል። በሆድ ውስጥ የተሰራጨን ዕጢ "ለማሳነስ" መቁረጥ ግን ጥቅም የለውም። ዕጢው በቀናት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፣ ቁስሉ እስኪድን ደግሞ ኬሞቴራፒው ይዘገያል። በቂ ናሙና ወስዶ መዝጋት ይሻላል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሥጋው ከኦፕሬሽን ክፍል በቀጥታ ፎርማሊን ውስጥ ከተጣለ ፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ባክቴሪያ ማሳደግና ጥሩ ስሚር አብረው ይቀራሉ። ፎርማሊን ሳይነካው፣ በሳላይን በረጠበ ጋዝ ተጠቅልሎ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ። በሳላይን ውስጥ እንዲዋኝ አይደረግ፤ ሴሎቹ ውሃ ይዘው ያብጣሉ። ደረቅ ጋዝም እርጥበቱን ይመጥጥና ጠርዙን ያደርቀዋል።

ናሙናው ጥቂት ሲሆን ሁሉንም ነገር ማድረግ አይቻልም፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. ንክኪ ስላይድ። አዲስ የተቆረጠውን ፊት በወረቀት ደሙን አድርቀው 6 ያህል ስላይድ ላይ ቀስ ብለው ያስነኩ፤ አያሹ። አራቱ በአየር ይድረቁ፣ ሁለቱ በሰከንዶች ውስጥ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግቡ። ከደረቁት ሁለቱን ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀቡ፣ ሁለቱን ሳይቀቡ ለፊሽ ምርመራ (የጂን ለውጥን በሚያበራ ቀለም የሚያሳይ) ያቆዩ።
2. ፎርማሊን። ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው። በባፈር የተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑ ከሥጋው ከ10 እስከ 20 እጥፍ። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ከሚሆን ውፍረት በላይ አይቁረጡ።
3. ፍሎው ሳይቶሜትሪ። የአተር ፍሬ የሚያህል ሥጋ በኤርፒኤምአይ (ሴሎችን በሕይወት የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ጊዜ ይድረስ። የቡርኪት ሴሎች በቀላሉ ስለሚሞቱ ቢፈጥን ይሻላል።
4. ሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ ንጹሕ ቁራጭ በንጹሕ ዕቃ ለባክቴሪያ ማሳደጊያና ለጂን ምርመራ።

ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ። ከዚህ ካነሰ የቁራጩ መሃል በፎርማሊን ሳይጠበቅ ይቀርና ኪ-67 (በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎችን የሚያሳይ ምልክት) በጠርዙ 98 በመቶ፣ በመሃሉ 60 በመቶ ሆኖ ይነበባል። ለሳምንት ከቆየ ዲኤንኤው ይሰባበርና ፊሽ ይከሽፋል። ባፈር የሌለው አሮጌ ፎርማሊን ደግሞ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎ ሥዕሉን ያበላሻል።

ፍሮዝን ሴክሽን (ሥጋውን አቀዝቅዞ ወዲያው ቆርጦ ማየት) ከተጠየቀ ጥያቄው "ናሙናው በቂ ነው?" የሚል ብቻ ይሁን። የበረዶው ክሪስታል ኒውክሊየሱን ስለሚያዛባ በእሱ ላይ ዓይነት መመደብ አይገባም፤ ለእሱም ከግማሽ በላይ የሆነ ሥጋ አይሠዋ።

ማይክሮስኮፕ ሥር

መጀመሪያ ጊምሳ የተቀባውን ንክኪ ስላይድ ይዩ፤ ገና ብሎኩ ሳይሠራ ብዙ ይነግራል። የቡርኪት ሴል ሳይቶፕላዝም ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በጥርት ክብ ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። ቀዳዳዎቹ የቅባት ጠብታዎች ናቸው፤ ቅባቱ በፓራፊን ዝግጅት ጊዜ ስለሚሟሟ በኤችኢ (የተለመደው የቲሹ ቀለም) ላይ አይፈለጉም። ሊምፎብላስት ጠባብ ሳይቶፕላዝምና እንደ ዱቄት የላመ ክሮማቲን አለው። ቀዳዳ አልፎ አልፎ በሊምፎብላስትም ላይ ስለሚታይ በዚህ ምልክት ብቻ አይፍረዱ።

ከዚያ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን የቀጠነ ኤችኢ ይከተላል። በዝቅተኛ ማጉላት አደረጃጀቱን ይዩ፦ ፎሊክል (የቢ ሴሎች ክብ ስብስብ) አለ? ሴሎቹ በአንጀት ጡንቻ መካከል ዘልቀዋል? የሞተው ክፍል ስንት ነው? በከፍተኛ ማጉላት መለኪያው ራሱ ማክሮፌጁ ነው። የዕጢው ኒውክሊየስ ከማክሮፌጁ ኒውክሊየስ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ መካከለኛ ሴል ነው፤ ከበለጠ ትልቅ ሴል ነው። ቡርኪት መካከለኛና አንድ ወጥ ነው፦ ክብ ኒውክሊየስ፣ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑ ትናንሽ ኑክሊዮለሶች፣ በየመስኩ የሚከፋፈሉ ሴሎች፣ ፎርማሊን ስላኮማተራቸው ማዕዘን ያወጡ ጠርዞች። የሞቱ ሴሎችን የዋጡ ነጭ ማክሮፌጆች በሰማያዊው መካከል ተበትነው የ"ከዋክብት ሰማይ" ሥዕል ይሠራሉ።

ይህ ሥዕል ብዙ ሰው ያሳስታል። ከዋክብቱ የሚናገሩት ሴሎች በፍጥነት እየተወለዱ በፍጥነት እየሞቱ መሆኑን ብቻ ነው። ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማ፣ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ፣ ጤናማ የፎሊክል ማዕከል እንኳ ያሳያቸዋል።

ሴሎቹ ትልልቅና የተዘበራረቁ ከሆኑ፣ በተለይም በንፍፊቱ ሳይነስ (የሊምፍ መተላለፊያ) ውስጥ ተሰባስበው ከተገኙ፣ የኩላሊት ወይም የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኒውክሊየስ ይፈልጉ። ከአጠገቡ ሮዝ ክብ ቦታ ካለ አናፕላስቲክ ላርጅ ሴል ሊምፎማ ይታሰብ።

አንቲቦዲዎች፦ በሁለት ዙር

ትንሽ ናሙና ሲሆን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ብሎኩን እንደገና ማሽኑ ላይ መትከል ሥጋውን ይጨርሳል። በመጀመሪያው ቀን ከ10 እስከ 15 ያልተቀቡ ስላይዶች በአንድ ጊዜ ይቆረጡ።

እያንዳንዱ አንቲቦዲ አንድ የሴል ፕሮቲንን በቀለም ያሳያል። የመጀመሪያው ዙር ሲዲ45 (የነጭ ደም ሴል ምልክት)፣ ሲዲ20 (የቢ ሴል)፣ ሲዲ3 (የቲ ሴል)፣ ሲዲ10 (የፎሊክል ማዕከልና የአንዳንድ ብላስት)፣ ቲዲቲ (የብላስት)፣ ቢሲኤል2 (ሴል እንዳይሞት የሚከላከል ፕሮቲን) እና ኪ-67 ይዟል። ላብራቶሪው ከዚህ በላይ ባይኖረው እንኳ በእነዚህ ሰባቱ ሦስቱን ጥያቄዎች በአብዛኛው መመለስ ይቻላል። የቡርኪት መልስ እንዲህ ነው፦ ሲዲ20 በሁሉም ሴል ላይ ጠንካራ፣ ሲዲ10 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ3 እና ቲዲቲ ኔጌቲቭ፣ ቢሲኤል2 ኔጌቲቭ ወይም በጣም ደካማ፣ ኪ-67 ከ95 በመቶ በላይ። በሁለተኛው ዙር ቢሲኤል6 ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የሚክ ፕሮቲንም (ሴል እንዲከፋፈል የሚገፋው) በአብዛኞቹ ሴሎች ኒውክሊየስ ላይ በጠንካራው ይታያል።

እነዚህን ሲያነቡ ውስጣዊ መቆጣጠሪያውን ይመልከቱ። በዕጢው መካከል የተበተኑ ጤናማ ቲ ሴሎች በቢሲኤል2 መቀባት አለባቸው፤ እነሱ ካልተቀቡ የዕጢው "ኔጌቲቭ" ትርጉም የለውም፣ ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው። ቢሲኤል2 በሁሉም ሴል ላይ ጠንክሮ ከወጣ ቡርኪት ማለት ይቁም። ኪ-67ን ሲቆጥሩ ደግሞ ማክሮፌጆችንና ቲ ሴሎችን ይተዉ፤ የሚቆጠሩት የዕጢው ሴሎች ናቸው። በደንብ በፎርማሊን በተጠበቀ ቦታ 80 በመቶ ከተነበበ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ይቀርባል፤ ናሙናው በመጥፎ ከተጠበቀ ግን ቁጥሩ አይታመንም፣ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ሲዲ20 ኔጌቲቭ መሆን ቢ ሴልን አያስወግድም። ቢ ሊምፎብላስት ብዙ ጊዜ ሲዲ20 የለውም፤ ሪቱክሲማብ (ሲዲ20ን የሚያጠቃ መድኃኒት) የወሰደ ልጅም ሊያጣው ይችላል። በሲዲ79ኤ እና በፓክስ5 ይረጋገጥ። ሲዲ45 ኔጌቲቭ መሆንም እንዲሁ ነው፦ ሊምፎብላስትና አናፕላስቲክ ላርጅ ሴል ሊምፎማ ሊጎድላቸው ይችላል። ትልልቅ ሴሎች ሲዲ20ም ሲዲ3ም ከሌላቸው ሲዲ30 እና አልክ ይጨመሩ፤ በልጆች ላይ ያለው አናፕላስቲክ ሊምፎማ ከ90 በመቶ በላይ አልክ ፖዘቲቭ ነው። አልክ ብቻውን ግን አይበቃም፣ በልጆች ሆድ ውስጥ የሚወጣው ኢንፍላማቶሪ ማዮፋይብሮብላስቲክ ዕጢም አልክ ይኖረዋል። የሲዲ30 ጠንካራ መሆንና የሴሎቹ ቅርጽ ይለያቸዋል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ጤናማ የፎሊክል ማዕከል ነው። ከአንጀት በመቆንጠጫ የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ አንድ ትልቅ ማዕከል ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ሲዲ20 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ10 ፖዘቲቭ፣ ቢሲኤል6 ፖዘቲቭ፣ ቢሲኤል2 ኔጌቲቭ፣ ኪ-67 ወደ 100 በመቶ፣ በላዩም ከዋክብት። የቡርኪት ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተሟልቷል፣ ልጁ ግን ካንሰር የለውም። መለያው ዙሪያው ነው። ጤናማው ማዕከል ጥቁር የሆነና ነጣ ያለ ጎን አለው፣ በማንትል ሴሎች ይከበባል፣ ሲዲ21 የተስተካከለ መረብ ያሳያል፣ በውስጡ ብዙ ቲ ሴሎች ይታያሉ፣ የሚክ ፕሮቲን ያላቸው ሴሎችም ጥቂት ናቸው። ካፓና ላምዳ (ቢ ሴል ከሁለቱ አንዱን የሚሠራቸው የአንቲቦዲ ሰንሰለቶች) በፍሎው ከተለኩ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ቡርኪት አንዱን ብቻ ይይዛል። ቁራጩ ዙሪያውን የማያሳይ ከሆነ ሌላ ናሙና ይጠየቅ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሲዲ99 ነው። ሊምፎብላስት ብዙ ጊዜ ሲዲ99 ፖዘቲቭ ነው፤ ሲዲ45 እና ሲዲ20 ከጎደለው "ዩዊንግ ሳርኮማ" (የአጥንትና የለስላሳ ሥጋ ካንሰር) የሚል ስም በስሕተት ይሰጠዋል። ቲዲቲ ሳይሠራ ዩዊንግ ብሎ መጻፍ አይገባም። ሦስተኛው ማየሎይድ ሳርኮማ (ከማየሎይድ ሉኬሚያ ሴሎች የሚሠራ ዕጢ) ነው፦ ሲዲ45 ያለው፣ ሲዲ20ም ሲዲ3ም የሌለው ዕጢ ሲገኝ ማየሎፐሮክሲዴዝ፣ ሲዲ117 እና ላይሶዛይም ይጨመሩ።

ሊምፎማ ካልሆነ ምንድን ነው ለሚለው ሲናፕቶፊዚንና ፎክስ2ቢ ኒውሮብላስቶማን፣ ዴስሚንና ማዮጀኒን ራብዶማዮሳርኮማን፣ ኬራቲንና ዴስሚን በአንድነት ዴስሞፕላስቲክ ትንንሽ ክብ ሴል ዕጢን፣ ሳል4 የጀርም ሴል ዕጢዎችን ይጠቁማሉ። ሲዲ56 በብዙዎቹ ላይ ስለሚወጣ በእሱ መተማመን ጊዜ ማባከን ነው። ግራኑሎማና እንደ አይብ የሞተ ሥጋ ከታየ ዚል-ኒልሰን (የነቀርሳ ባክቴሪያን የሚያሳይ ቀለም) ይቀባ። ነገር ግን ነቀርሳ መገኘቱ ሊምፎማን አያስቀርም፣ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ቫይረስና ጂን

የአየርላንዱ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት በዩጋንዳ ልጆች መንጋጋ ላይ ያየውን ዕጢ በ1958 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ዕጢ ሴሎች ኤብስታይን-ባር ቫይረስ ተገኘ። ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ቡርኪት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቫይረሱን ይዞ ይገኛል፤ በሌላው ዓለም ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢበር ምርመራ (ቫይረሱን በቲሹው ውስጥ የሚፈልግ) ኔጌቲቭ መሆኑ ቡርኪትን አይሽርም። የ2022ቱ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ከአካባቢው ይልቅ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን መሠረት እንዲደረግ ይመክራል፤ ስለዚህ ኢበር ቢቻል ይሠራ።

ጂኑን በተመለከተ፣ ቡርኪትን የሚሠራው የሚክ ጂን ከቦታው መነቀል ነው። 80 በመቶ ያህሉ ላይ በክሮሞሶም 8 እና 14 መካከል ልውውጥ ይኖራል፣ በቀሩት ላይ 8 ከ2 ወይም ከ22 ጋር ይለዋወጣል። በፊሽ መጀመሪያ "ተለያይ" የሚባለው የሚክ ፕሮብ (ጂኑ ሲነቀል ሁለቱ ቀለሞቹ የሚለያዩ) ይሠራል፤ ሦስቱንም ልውውጦች ለመያዝ ይሞክራል። ፓራፊን ሴክሽን ላይ ኒውክሊየሶቹ ስለሚቆረጡ አንዳንድ ምልክት ይጎድላል፤ ሳይቀቡ የቆዩት ንክኪ ስላይዶች ሙሉ ኒውክሊየስ ስላላቸው እዚህ ይጠቅማሉ። ተለያይ ፕሮብ ኔጌቲቭ ሆኖ የቀረው ሁሉ ቡርኪት ከመሰለ የ8 እና 14 ጥምር ፕሮብ ይጨመር፣ አንዳንዱ ልውውጥ ለመጀመሪያው ፕሮብ አይታይም። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ በክሮሞሶም 11 ረጅም ክንድ ላይ ለውጥ ያለው ቢ ሴል ሊምፎማ ይፈለግ፤ በመልኩ ቡርኪትን ይመስላል፣ ማክሮፌጆቹ ግን ጎላ ያለ ፍርስራሽ ይዘው ይታያሉ።

የሚክ ፊሽ ፖዘቲቭ መሆን ብቻውንም ቡርኪት አያሰኝም። በልጆች ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ላይም በተወሰኑት ይገኛል። ፊሽ በሌለበት ላብራቶሪ ቅርጹ የተለመደ፣ ሲዲ20 እና ሲዲ10 ፖዘቲቭ፣ ቲዲቲና ቢሲኤል2 ኔጌቲቭ፣ ኪ-67 ከ95 በመቶ በላይ ሲሆን "ከቡርኪት ሊምፎማ ጋር የሚስማማ" ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከእነዚህ አንዱ ካፈነገጠ "የበሰለ ኃይለኛ ቢ ሴል ሊምፎማ" ይባልና ያፈነገጠው ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ውጤቱን መጻፍ

ንክኪ ስላይዱ ታይቶ ሊምፎማ ከተጠረጠረ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ስልክ ይደወል፤ ልጁ ፈሳሽና አሎፑሪኖል ወይም ራስቡሪኬዝ (ዩሪክ አሲድን የሚቀንሱ መድኃኒቶች) እንዲጀምር የተጻፈ ውጤት አይጠበቅም። በ48 ሰዓት ጊዜ የመጀመሪያው ዙር አንቲቦዲ ተነብቦ ጊዜያዊ ውጤት ይውጣ፣ ፊሽ በተጨማሪ ውጤት ይከተል።

በጽሑፉ ላይ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ ከመቶ ስንቱ ሕያው እንደሆነ፣ እያንዳንዱ አንቲቦዲ በስንት በመቶ ሴል ላይ በምን ጥንካሬ እንደወጣ፣ መቆጣጠሪያው መሥራቱና ስቴሮይድ መሰጠቱ ይስፈር። "ሲዲ10 (+)" ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም፤ በ10 በመቶ ሴል ላይ የደበዘዘ ሲዲ10 እና በሁሉም ላይ ጠንካራ የሆነው አንድ አይደሉም። አንጀት ተቆርጦ ከወጣ ዳርቻዎቹ ከዕጢ ነጻ መሆናቸውና ስንት ንፍፊት እንደታየ ይጻፍ፤ ደረጃው በዚህ ይወሰናል።

ከውጤቱ ጋር የሁለቱም ጎን መቅኒና የአከርካሪ ፈሳሽ ሳይቶሎጂ እንዲላክ ይጠየቅ። በመቅኒው ውስጥ የቡርኪት ሴሎች 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ በሽታው እንደ ቡርኪት ሉኬሚያ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ከሆኑ ዕጢው መቅኒውን እንደነካ ይጻፋል።